ያልተደገመ ግብዣ

ስዊዘርላንድ ውስጥ ፈረንሳይኛ በሚነገርበት በኩል፣ ሻትሌን ያለው የሰፈራችን የጡረተኞች ማኅበር በየወሩ አንድ ቀን በአውቶቡስ ያንሸራሽረናል። ብዙውን ጊዜ የሚወስዱን አይብ ወደሚሠራበት፣ ቸኮሌት ወደሚሠራበት፣ አለዚያም ሰዓት ወደሚሠራበት ነው። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አብሬያቸው ሄጄ አላውቅም። አይቡ ከጾሜ ጋር ይጋጫል፣ ቸኮሌቱ ከስኳር በሽታዬ ጋር ይጋጫል፣ ሰዓት ደግሞ ለጡረተኛ ምን ያደርግለታል? በዚህ መከር ግን የሕንፃችን መግቢያ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ሌላ ነበር። «ከስዊዘርላንድ ሳንወጣ አንድ ቀን በህንድ» ይላል። ዙሪክ አካባቢ ያሉ ሁለት የሂንዱ ቤተ መቅደሶች፣ ምሳ እዚያው፣ ከሰዓት በኋላ የዩትሊበርግ ኮረብታ። በዚያው ዕለት ሄጄ ተመዘገብኩ።

ስለ ህንድ ብዬ አልነበረም። ስለ ዙሪክ ብዬ ነው። ልጄ እዚያ ናት።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ በመጣው የመጀመሪያው የበረዶ ወራት ልጄ ደወለችልኝ። ኦርሊኮን ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ትሠራለች፤ የምትኖረው ከባሏና ከትንሽ ልጇ ጋር ረገንስዶርፍ ነው፤ ሁለቱም እዚያው ዙሪክ አካባቢ ናቸው። ባሏ የአገሩ ሰው ነው፣ ጨዋ ልጅ። «አባዬ፣ ለምን ከእኛ ጋ አትኖርም? አንድ ክፍል ባዶ አለን» አለችኝ። ልቤ ዘለለ። አፌ ግን የለመደውን ተናገረ። «አይ ልጄ፣ ላስቸግራችሁ አልፈልግም። እኔ ደኅና ነኝ» አልኳት። «እሺ አባዬ፣ እንዳልክ» አለች፤ ከዚያ ስለ አየሩ አወራን።

ስልኩን ዘግቼ ሁለተኛውን ጥያቄ መጠበቅ ጀመርኩ።

በእኛ ዘንድ አንድ ጊዜ ብቻ የተጠየቀ ሰው ተጠየቀ አይባልም። ምግብ ሲቀርብልህ በቃኝ ትላለህ፤ «በሞቴ» ትባላለህ፤ አሁንም በቃኝ ትላለህ፤ «አፈር ስሆን» ስትባል ያን ጊዜ እጅህን ትዘረጋለህ። ባለቤቴን ባጨሁ ጊዜ የላክኋቸው ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ «እስቲ እንመካከርበት» ተብለው ተመልሰዋል። በኋላ እንደሰማሁት የሙሽራዋ ቀሚስ ለሰፊ የተሰጠው ገና ሽማግሌዎቹ ደጁን ሳይረግጡ ነው። ታዲያ መጀመሪያ በተጠየቁበት እሺ ማለት ነውር ነው፤ የቸኮለ፣ የጎመጀ ያስመስላል። የመጀመሪያው እምቢታ የአክብሮት እንጂ መልስ አይደለም።

ልጄ ይህን አታውቅም ማለት አልችልም፤ እኛው ቤት ነው ያደገችው። ግን ትምህርቷም ሥራዋም ትዳሯም በዚህ አገር ወግ ሆነ፣ በዚህ አገር ደግሞ አይ ያለ ሰው አይ ብሏል። እናቷ ብትኖር ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ሁለታችንም አማርኛ እየተናገርን በመካከላችን የምታስተረጉመው እሷ ነበረች። ለልጅቷ «አባትሽን አታውቂውም እንዴ? ድገሚለት እንጂ» ትላት ነበር። ለእኔ ደግሞ ወደ ወጥ ቤት ጠርታኝ «አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷ ጠይቃሃለች፣ እሺ በላት» ትለኝ ነበር። አሁን የሚያስታርቀን ሰው የለም፤ ሽማግሌ የሚያስልክ ጠብም የለንም።

በረዶው ቀለጠ፣ በጋው መጥቶ ሄደ። ልጄ በየእሑዱ ትደውላለች። ስለ ደም ግፊቴ ትጠይቀኛለች፣ መድኃኒቴን መዋጤን ታረጋግጣለች፣ ክፍሉን ግን አታነሳም። እኔም አላነሳሁም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔው ግን ነቅዟል። ለማንም ሳልናገር ደግሞ ተዘጋጅቻለሁ። የትኛውን ካፖርት እንደምወስድ፣ የባለቤቴ ፎቶግራፍ በየትኛው ግድግዳ ላይ እንደሚሰቀል ሳላየው ክፍሉን በሐሳቤ አሰናድቼዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ጢሜን ስላጭ መስታወቱ ፊት «ግሩኤትሲ» እያልኩ የዙሪኮችን ሰላምታ እለማመድ ነበር። ዕድሜዬን በፈረንሳይኛ ለተንገላታ ምላሴ ሌላ ጣጣ መሆኑ ነው።

የጉዞው ቀን እንደ ተቆረጠ ለልጄ ነገርኳት፤ እንደ ቀላል ነገር አድርጌ። «በሚመጣው ዓርብ ከማኅበሩ ጋር በእናንተ በኩል አልፋለሁ። ከሰዓት በኋላ ኮረብታው ላይ ትንሽ እንቆያለን» አልኳት። «ሱፐር! ከቢሮ ወጥቼ እመጣለሁ» አለች። ስልክ ፊት የለውም፤ ዓይን ለዓይን ስንተያይ ትደግምልኛለች ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ዓርብ ጠዋት ጥቁር ሱፌን ለበስኩ።

አውቶቡሱ ውስጥ ሁሉም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ተቀምጧል። ባል ለሚስቱ መስኮቱን ይለቃል፣ ሚስት ለባሏ ብርቱካን ትልጣለች። ከእኔ ጎን ሊቀመጥ የመጣ አልነበረም። አስጎብኚያችን ሽበቷን በረጅሙ የጎነጎነች፣ ድምፅዋ ጎርነን ያለ ስዊዘርላንዳዊት ናት። በወጣትነቷ ደቡብ ህንድ ውስጥ ለዓመታት ኖራ እዚያም አገር ጎብኚ ስትመራ ቆይታለች። የድምፅ ማጉያውን ያዘችና «እዚያ የአንድ ቀን ጉዞ ማለት ትንሽ ቤተ መቅደስ፣ ከዚያ ትልቅ ቤተ መቅደስ፣ ከዚያ ምሳ፣ ከዚያ ኮረብታ ነው። ኮረብታ ካለ አናቱ ላይ ቤተ መቅደስ አይታጣም» አለችን። ይሄስ የእኛም አገር ነው አልኩ በልቤ። ይህን ልነግረው ከጎኔ ሰው ፈለግሁ፤ መስኮቱ ነው ያለው። በርንን አልፈን የመንገዱ ሰሌዳዎች ወደ ጀርመንኛ ሲለወጡ እኔ ስለ ኮረብታው ብቻ እያሰብኩ ነበር።

የመጀመሪያው ቤተ መቅደስ በጎማ ቤትና በምንጣፍ መጋዘን መካከል የተሸጎጠ ነው። ከውጭ ሲያዩት እንደ ጎረቤቶቹ ያለ የፋብሪካ አዳራሽ ነው። አስጎብኚዋ በሩ ላይ «ጫማ» ስትል ያገሬው ጡረተኞች ተንጫጩ። አንዱ ካልሲው ተቀዶ ኖሮ አውራ ጣቱን ሊደብቅ ይታገላል፣ አንዷ ጉንፋን ይይዘኛል ትላለች። እኔ አስጎብኚዋ ቃሏን ሳትጨርስ አውልቄ ቆሜያለሁ፤ ጫማ አውልቆ መቅደስ መግባትማ ማንን ይቸግራል? እግሬ መድረኩን ሲያልፍ ቀኝ እጄ እንደ ልማዱ ለማማተብ ግንባሬ ድረስ ወጣ። መሃል ላይ ነቃሁና ጆሮዬን አከክሁበት።

ውስጡ ግን ሌላ ዓለም ነው። በደማቅ ቀለም የተቀቡ ትንንሽ ቤቶች አሉ፣ በየቤቱ አንድ አምላክ አበባ ለብሶ ተቀምጧል። የሙዝና የዘይት ሽታ አለ። ደረቱን የገለጠ ካህን ጥቁር ድንጋይ ላይ ወተት ያፈስሳል፣ ደወል ይደወላል። አስጎብኚዋ ማን የማን ልጅ፣ ማን የማን ባል እንደሆነ ስታብራራ እኔ የማየው ጥጉ ላይ የቆሙትን አሮጊት ነበር። ግንባራቸውን ምሰሶው ላይ ደግፈው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የሚሉትን አልሰማም፣ ብሰማም አላውቀውም። ግን ስለ ልጅ እንደሆነ አልተጠራጠርኩም።

ስንወጣ አንድ ነገር ሆነ። እኛ ቤተ ክርስቲያን ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በሌላ በኩል ነው የምንቆመው። ቅዳሴው ሲያልቅ እኔ ጫማዬን አድርጌ በሩ ላይ እጠብቅ ነበር፤ ባለቤቴ ሁሉንም ሳትስም ስለማትወጣ ሁልጊዜ የመጨረሻዋ ነበረች። ያን ቀንም ጫማዬን አሰርኩና የሴቶቹ ጫማ የተደረደረበት ጋ ቆምኩ። አንዷ ወጥታ ጫማዋን ታነሳለች፣ ሌላዋ ወጥታ ታነሳለች። መደርደሪያው ባዶ ሆነ፣ እኔ አሁንም ቆሜያለሁ። አስጎብኚዋ ከአውቶቡሱ ተመልሳ መጣች። «ሙሴ» አለችኝ፣ በፈረንሳይኛ ጌታዬ ማለቷ ነው፤ «የሚጠብቁት ሰው አለ እንዴ?» «የለም» አልኳት። ይህን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ የተናገርኩት ያን ቀን ይመስለኛል። እሷም ክንዴን ይዛ ወሰደችኝ።

ሁለተኛው ቤተ መቅደስ ሰፋ ያለ ነው። በሩ ላይ አንድ ሰው በየመዳፋችን ጣፋጭ አስቀመጠልን፤ ለአማልክቱ ቀርቦ የተመለሰ ነው ተባልን። እኔ ደግሞ አንገቴ ላይ ማተብ ያለኝ ሰው ነኝ። ብበላው ጭንቅ፣ ብጥለው ነውር። በመሐረቤ ይዤው ስንቆራጠጥ ቆየሁና ካልሲያቸው ለተቀደደባቸው ሽማግሌ ሰጠኋቸው፤ በአንድ ጊዜ ጎረሱት። ምሳ ሲቀርብ አስጎብኚዋን ጠጋ ብዬ «ይህም ለእነሱ የቀረበ ነው?» አልኳት። «አይደለም፣ ይህ ለእንግዳ የተሠራ ነው። ሥጋም ቅቤም የለውም» አለችኝ። ዓርብ ነበር፤ ጾሜን ሳልሽር ከዚህ ማኅበር ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ በላሁ።

የሚያስተናግዱን ሴቶች በአገራቸው ጦርነት ጊዜ ከስሪላንካ የተሰደዱ ናቸው። አንዷ የእኔ እኩያ ትሆናለች። ቢጫ ሳሪ ለብሳለች፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ወርዷል። በአንድ እጇ ባልዲ የመሰለ ዕቃ፣ በሌላው ጭልፋ ይዛ በመደዳው እየዞረች ትጨምራለች። ጎረቤቶቼ ሳህናቸውን በእጃቸው ከልለው «መርሲ» ይላሉ፣ እሷም ፈገግ ብላ ታልፋለች። እኔ ጋ ደረሰች። እኔም ሳህኔን ከለልኩ።

አላለፈችም። ጭልፋውን አየር ላይ እንዳንጠለጠለች ቆማ አየችኝ። ምናልባት ፊቴን አይታ ይሆናል፤ ምናልባት የእጄን አከላለል። በቋንቋዋ የሆነ ነገር አለችኝ። እኔም ሳላስበው በአማርኛ «ኧረ በቃኝ፣ ጠግቤያለሁ» አልኳት። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው፤ ቁጣ ቀረሽ ነው። እኔም ደግሜ በቃኝ አልኩ። ሦስተኛውን ስትናገር አስተርጓሚ አላስፈለገኝም፤ አፈር ስሆን ነው ያለችው። እጄን በጭልፋው ጀርባ ገፋ አደረገችና ምስሩን ሩዙ ላይ ገለበጠችው። ከዚያ ቆማ የመጀመሪያውን ጉርሻ እስክጎርስ ጠበቀች።

ከበረዶው ጊዜ ጀምሮ ከልጄ አፍ ስጠብቀው የነበረውን፣ ስሜን እንኳ የማታውቅ ሴት በጭልፋ ሰጠችኝ። ዓይኔ እንባ ሲሞላ ያዩት እኚያው ሽማግሌ «ያቃጥላል፣ አይደል?» አሉኝ። ለእኛ አገር ሰው አልጫ ነው። «በጣም ያቃጥላል» አልኳቸው።

ከምሳ በኋላ አውቶቡሱ ዙሪክ ዋናው ባቡር ጣቢያ አወረደንና በትንሿ ባቡር ወደ ዩትሊበርግ ወጣን። ከተማው ጉም ውጦት ነበር። ከጫካው በላይ ስንደርስ ድንገት ፀሐይ ሆነ። ሐይቁም ከተማውም ከጉሙ በታች ናቸው፣ ከሩቅ የበረዶው ተራሮች ብቻ ይታያሉ። አናቱ ላይ ቤተ መቅደስ ፈለግሁ፤ ያለው ምግብ ቤትና አንቴና ነው። አስጎብኚዋ አማልክት ለምን ከፍታ እንደሚወዱ ስትናገር እኔ ከጣቢያው የሚመጣውን መንገድ እመለከት ነበር።

መጣች። ከሩቅ አካሄዷ የእናቷ ነው፤ ፈጣን፣ ወደፊት ዘንበል ያለ። ሦስት ጊዜ ሳመችኝ። «አባዬ፣ ከስተሃል እኮ! ብሬትዘል አመጣሁልህ፣ ቅቤ ያለው» አለችና በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ ሰጠችኝ። ዓርብ መሆኑን ረስታለች። አመስግኜ የካፖርቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን።

«ሻይ ልግዛልህ?»

«አይ፣ ይቅርብኝ።»

«እሺ» አለችና ሄዳ አንድ ብርጭቆ ይዛ ተመለሰች። በርዶኝ ነበር። ሻይ እፈልግ ነበር።

ስለ ልጇ ጥርስ አወራችኝ፣ ስለ አለቃዋ አወራችኝ። እኔ ነገሩን ወደ ቤቱ ለመሳብ ዙሪያውን እዞራለሁ። «ቤቱስ እንዴት ነው? ልጁ እያደገ ነው፣ አልጠበባችሁም?» አልኳት። «አሁን በጣም ጥሩ ነው። ያቺን ክፍል ሆም ኦፊስ አደረግናት። ሁለታችንም ከቤት ስንሠራ ቀለለን» አለች። ከዚያ እጄን ያዘችኝ፤ እጇ በሻዩ ሞቋል። «ታውቃለህ አባዬ፣ ስለ አንተ ደስ የሚለኝ ቁርጡን መናገርህ ነው። የጓደኞቼ ወላጆች አይ ይላሉ፣ ከዚያ ይቀየማሉ። ሰው ግራ ይገባዋል። አንተ አልፈልግም አልክ፣ በቃ፣ ፌርቲሽ። ለባሌም ሁልጊዜ እነግረዋለሁ፣ አባቴ እንደዚህ ነው እያልኩ።»

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። የእኔ ደጃዝማችነት እዚያው ኮረብታ ላይ ቀረ። ልናገር ነበር። «ልጄ፣ እኔ እኮ እስክትደግሚልኝ እየጠበቅሁ ነው» የሚለው ምላሴ ላይ ነበር። ግን እንዲህ አክብራኝ እያየችኝ፣ ከሚቀየሙት ሽማግሌዎች አንዱ ነኝ ብዬ እንዴት ልንገራት? «ደግ አደረጋችሁ» አልኳት።

ስንወርድ ባቡሩ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ መልእክት ስትጽፍ እኔ ያቺን ባለ ቢጫ ሳሪ አሰብኩ። እሷ በእኔ ወግ አስተናገደችኝ፤ እኔስ ለልጄ በልጄ ወግ ብመልስላት? ስትጠይቀኝ የልቤን ብነግራትስ? ጣቢያው ስንደርስ ሰዉ ተበተነ። አውቶቡሳችን የቆመው ከጣቢያው ጀርባ ነው፤ የእሷ ባቡር የሚነሳው ደግሞ ከሌላው ጫፍ።

«አባዬ፣ እስከ አውቶቡሱ ልሸኝህ?»

«አዎ፣ ሸኚኝ» አልኳት።

ቆመች። ስልኳን አየች፣ የባቡሮቹን ሰሌዳ አየች፣ እኔን አየች። «አሁን? እንዴ፣ ባቡሬ እኮ... ኪታው፣ የሕፃናት መዋያው፣ ይዘጋል፣ ልጁን ማውጣት አለብኝ» አለች። ከዚያ ሳቀች፤ ክፋት የሌለበት ሳቅ ነው። «እኔ እኮ እንደ ሁልጊዜው ግድ የለም፣ ሂጂ ትላለህ ብዬ ነው የጠየቅሁህ!»

እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ሳቄ ሳያልቅ ነገሩ ገባኝ። ልጄ ወጉን አልረሳችም። ጥሩ አድርጋ ነው የተማረችው፣ ከእኛው ቤት። እኔ እምቢ ማለቱን ስይዝ እሷ መጋበዙን ይዛለች። ጨዋ ልጅ አባቱን ልሸኝህ ይላል፣ ጨዋ አባት ግድ የለም ይላል፣ ሁሉም በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል።

«ክፍሉንም እንደዚያ ብለሽ ነው?» አልኳት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

ሳቋ ቆመ። «የቱን ክፍል?» አለች። ወዲያው ግን ገባት፤ ፊቷ ላይ አየሁት። «አባዬ...» ብላ ከንፈሯን ነከሰች። ሻንጣ የሚጎትተው ሰው በግራም በቀኝም ያልፈናል። እኔም ያን ያህል ጨካኝ አይደለሁምና ጥያቄዬን አልደገምኩትም።

ለባሏ ደወለች። በዚያ በጥድፊያ ጀርመንኛቸው ልጁን እንዲያወጣው ስትለምነው ገባኝ። ስልኩን ዘግታ ክንዴን ያዘችና አብረን ሄድን። ዝናቡ ማካፋት ጀምሮ ነበር። መንገድ ላይ አንድ ጊዜ አስቁማ የካፖርቴን የላይኛውን ቁልፍ ቆለፈችልኝ። እንደተመኘሁት ተሸኘሁ። በየእርምጃው ደግሞ ባቡሯን እንዳስመለጥኳት፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው እንዳስነሳሁ፣ አንድ ሕፃን እንዳስጠበቅሁ ይሰማኝ ነበር። ላስቸግራችሁ አልፈልግም ያልኩት ለካ ውሸት ብቻ አልነበረም።

አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቷል። ደረጃው ላይ አንድ እግሬን ካሳረፍኩ በኋላ እጅጌዬን ያዘችኝ።

«ለገና ከእኛ ጋ ትሆናለህ? ሳሎን እንተኛለን፣ እኛ። አንተ አልጋችን ላይ ትተኛለህ።»

ዞር ብዬ ዓይኗን አየሁት። ከልቧ ይሁን ለወጉ መለየት አቃተኝ፤ የወለድኳትን ልጅ። እሺ ብላት አላምናትም፣ አይ ብላት ታምነኛለች። ከውስጥ አስጎብኚዋ «ሙሴ፣ እርስዎን ነው የምንጠብቀው» አለችኝ። ልጄ እጅጌዬን አልለቀቀችም፤ ጥያቄውንም አልደገመችም። መልስ ሳልሰጣት ግንባሯን ሳምኩና አውቶቡሱ ላይ ወጣሁ።